ልምዴ ይቆጠርልኛል ወይ?

«ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ጅማ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የኦፕሬሽን ክፍል ነርስ ነኝ። በነርሲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ ኦአር ከገባሁ 7 ዓመት ሆነኝ። ባለቤቴ ዳላስ፣ ቴክሳስ ነው ያለው። ፕሮሰሱ ከተጀመረ ቆይቷል፤ እግዜር ካለ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ እሄዳለሁ። ጓደኞቹ ‹የሷ ሥራ እዚህ ሰርጂካል ቴክኖሎጂስት ይባላል፤ ፈተናውን ብቻ ትፈተን፣ ወዲያው ትቀጠራለች› ይሉታል። በቴሌግራም ያገኘሁት አንድ ሰው ደግሞ የ7 ዓመት ልምዴን አስቆጥሮ፣ እዚሁ ጅማ ሆኜ ሰርተፊኬቱን እንደሚያሰጠኝ ነግሮኝ 45,000 ብር ጠየቀኝ፤ ግማሹን በቅድሚያ። ሌላው ጭንቀቴ የሙያ ፈቃዴ ነው። የማሳደሻው ጊዜ ደርሶ የሲፒዲ (የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና) ነጥብ ይጎድለኛል። ሥልጠና ሲመጣ ስማቸው የሚተላለፈው ሁሌ እነዚያው ሰዎች ናቸው። አንዲት ባልደረባዬ ሳልገኝ ስሜን አስመዝግበው ሰርተፊኬት የሚሰጡ እንዳሉ ነገረችኝ። ደግሞስ ለመሄድ ከተነሳሁ ወዲያ ማሳደሱ ምን ያደርግልኛል? ምን ይመክሩኛል?»

ከቆጪ፣ ጅማ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ስለ ገንዘቡ እንነጋገር። ለዚያ ሰው ግማሹን ካልሰጠሽው እንዳትሰጪው፤ ሰጥተሽው ከሆነም የቀረውን አትጨምሪ። የጻፈልሽን ሁሉ፣ የላከልሽን የሒሳብ ቁጥር ጭምር፣ ሳታጠፊ አስቀምጪው። ልምድ አስቆጥሮ ይህን ሰርተፊኬት የሚያሰጥ ደላላ የለም። ለምን እንደሌለ በደንብ ልንገርሽ፤ ምክንያቱን ካወቅሽው ነገ ሌላ ሰው በሌላ ስም ቢመጣብሽም አትታለዪም።

አሜሪካ ውስጥ ሰርጂካል ቴክኖሎጂስት የሚባለው ባለሙያ የሚሠራው አንቺ ስክራብ ስትገቢ የምትሠሪውን ነው። ጠረጴዛ ያዘጋጃል፣ መሣሪያ ያቀብላል፣ ጎዝ (የደም መጥረጊያ ጨርቅ) እና መርፌ ይቆጥራል፣ ስቴራይል የሆነው ቦታ እንዳይበከል ይጠብቃል። የባለቤትሽ ጓደኞች ይህን አይተው ነው «የሷ ሥራ ነው» ያሉት፤ አልዋሹም። ያላወቁት ነገር ቢኖር ሙያው ከነርስነት ተለይቶ የራሱ ትምህርት ቤትና የራሱ ፈተና ያለው መሆኑን ነው። እኛ አገር ነርሷ ኦአር ትመደብና ስክራብ ትሆናለች። እዚያ ግን ነርስ ሳይሆን ለዚህ ሥራ ብቻ ተምሮ የሚመጣ ሰው አለ።

ዋናው ሰርተፊኬት ሲ ኤስ ቲ ይባላል፤ የሚሰጠውም ኤን ቢ ኤስ ቲ ኤስ ኤ የሚባል ብሔራዊ ቦርድ ነው። ፈተናው 175 የምርጫ ጥያቄዎች አሉት። ነጥብ የሚያዝባቸው 150ው ናቸው፤ 25ቱ ለሙከራ የገቡ ሲሆኑ የትኞቹ እንደሆኑ ተፈታኙ አያውቅም። ጊዜው 4 ሰዓት ነው። አጥንተሽ ብትቀመጪ የምታልፊው ይመስለኛል። አንቺን የሚያቆምሽ ከፈተናው በር በፊት ያለው ጥያቄ ነው። ቦርዱ አዲስ ተፈታኝን የሚጠይቀው ስንት ዓመት እንደሠራ ሳይሆን የት እንደተመረቀ ነው። ትምህርት ቤቱም ካሄፕ ወይም አቤስ ከሚባሉት ሁለት ዕውቅና ሰጪዎች ዕውቅና ያገኘ የሰርጂካል ቴክኖሎጂ ፕሮግራም መሆን አለበት። ከጦር ሠራዊቱ ማሠልጠኛ ለሚወጡ የተለየ መንገድ አለ፤ አንቺን አይመለከትሽም። የነርሲንግ ዲግሪሽ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን የዚህ ፕሮግራም ዲፕሎማ አይደለም፤ 7 ዓመቱም እሱን አይተካውም።

ሥራው የሚጠይቀው ደግሞ እንደ ስቴቱ ይለያያል። ለዚህ ሙያ አገር አቀፍ የመንግሥት ፈቃድ የለም። ዋሽንግተን ስቴት ለምሳሌ በስቴቱ ጤና መምሪያ መመዝገብን ግዴታ አድርጓል። አንቺ የምትሄጂበት ቴክሳስ ደግሞ ሆስፒታሎች ተምሮ ሰርተፊኬት የያዘ ሰው እንዲቀጥሩ በሕግ ደንግጓል። ሕጉ ልዩ ሁኔታዎች አሉት፤ አንቺ ግን እነሱን ተማምነሽ አውሮፕላን አትሳፈሪ። ሕግ በሌለባቸው ስቴቶችም ብዙ ሆስፒታሎች ከቅጥር በፊት ሰርተፊኬቱን ራሳቸው ይጠይቃሉ።

ይህን ስጽፍልሽ እጄ ይከብደኛል። እዚያ የዚህ ሙያ ተማሪ ለመመረቅ የሚጠበቅበት 120 ኦፕሬሽን ነው፤ ከነዚያ ውስጥ 80ው ዋና ስክራብ ሆኖ የገባባቸው። አንቺ ይህን ቁጥር የጨረስሽው በመጀመሪያው ዓመትሽ እንደሚሆን እገምታለሁ። 7 ዓመት ምን ማለት እንደሆነ በዚህ ሥራ ላይ የቆመ ሰው ያውቀዋል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ለሲኤስ፣ በኦፕሬሽን ልትወልድ፣ የገባች እናት አለች። ማሕፀኗ ተሰፍቷል፤ ሐኪሙ ከምሽት ጀምሮ ስለቆመ ደክሞታል፤ ሆድ ሊዘጋ መርፌ ጠይቋል። ራነሯ፣ ከጠረጴዛው ውጭ ሆና ዕቃ የምታቀርበው ነርስ፣ «አሥር ጎዝ ሰጥቻለሁ» ትላለች። አንቺ ትቆጥሪያለሽ፤ ዘጠኝ። እንደገና ትቆጥሪያለሽ፤ ዘጠኝ። «ዶክተር፣ አንድ ጎዝ ይጎድለናል፤ አይዝጉ» ትያለሽ። ክፍሉ ዝም ይላል። ባልዲው ይገለበጣል፣ የጨርቁ እጥፋት ይፈተሻል፣ የጠረጴዛው ሥር ይታያል። መጨረሻ ላይ ራነሯ በደም የራሰውን አንዱን ጎዝ በፎርሴፕስ ስታነሳው ለሁለት ይላቀቃል፤ ሁለቱ ተጣብቀው አንድ መስለው ነበር። ያቺ እናት ከምን ስጋት እንደተጠበቀች ሳታውቅ ልጇን ታቅፋ ትወጣለች። ያን «አይዝጉ» የምትልበትን ድምፅ ያገኘሽው ቆመሽባቸው ካደርሻቸው ሌሊቶች ነው። ብሔራዊ ቦርዱ ይህን ወረቀት ላይ የሚያሰፍርበት ቦታ የለውም እንጂ እውቀቱስ አንቺው ጋር ነው።

እንግዲህ ወዴት ልሂድ ካልሽኝ፣ የሚቆጠርልሽ መንገድ አለ፤ እሱም ነርስነትሽ ነው። ሰርጂካል ቴክኖሎጂስት ለመሆን እንደገና ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ክፍል ውስጥ ልትቀመጪ ነው። ዲግሪሽን ይዘሽ የተመዘገበ ነርስነትን ብትጠይቂ ግን የተማርሽው ትምህርት ራሱ ይመዘናል። ማስረጃሽን የሚገመግመው ሲ ጂ ኤፍ ኤን ኤስ ሲባል የኖረውና በቅርቡ ስሙን ትሩሜሪት ያደረገው ድርጅት ነው። እሱ ከዩኒቨርሲቲሽ የተማርሻቸውን ኮርሶች ከነሰዓታቸው፣ ፈቃድ ከሰጠሽ አካል ደግሞ የፈቃድሽን ማረጋገጫ ይጠይቃል። ከዚያ የእንግሊዝኛ ፈተና፣ ከዚያ ኤንክሌክስ የሚባለው የነርሶች የፈቃድ ፈተና ይቀጥላል። ኤንክሌክስ በኮምፒውተር የሚሰጥ ነው፤ እንደ መልስሽ ጥያቄው ይከብዳል ወይም ይቀላል፤ ትንሹ 85፣ ብዙው 150 ጥያቄ ሲሆን እስከ 5 ሰዓት ይፈቀዳል። ቀላል አልልሽም። ያለፉ የኢትዮጵያ ነርሶች ብዙ ናቸው፤ ሁለትና ሦስት ጊዜ የተቀመጡም አሉ። ግን ያለፈው ትምህርትሽ ሳይጣል የምትሄጂበት መንገድ ይህ ነው፤ ክፍያውም ከቴክኖሎጂስቱ በግልጽ ይበልጣል።

ኦአር እንዳይቀርብሽ የምትሰጊ ከሆነም፣ ነርሶች እዚያም ኦአር ውስጥ አሉ። ራነር የምንላት እዚያ ነርስ ናት፤ ስክራብ የሚገቡም አሉ። ቢያንስ 2 ዓመትና 2,400 ሰዓት ኦፕሬሽን ላይ የሠራች ነርስ፣ ከዚያ ውስጥ 1,200ው ኦፕሬሽኑ ሲካሄድ ክፍሉ ውስጥ የነበረችበት ከሆነ፣ ሲኖር የሚባለውን የኦፕሬሽን ክፍል ነርሶች ሰርተፊኬት መፈተን ትችላለች። እሱን ግን እዚያ ነርስ ሆነሽ ከተቀጠርሽ በኋላ ታስቢበታለሽ።

መሐል ላይ ያለው ጊዜ ያሳስብሻል፤ ቤት ኪራይ ኤንክሌክስን አይጠብቅም። ለዚህ የማስበው የመሣሪያ ማምከኛውን ክፍል ነው፤ እኛ ሲኤስአር የምንለው፣ እዚያ ስቴራይል ፕሮሰሲንግ የሚባለው። የሱ ሰርተፊኬት ሲ አር ሲ ኤስ ቲ ይባላል። ስሙ ከፊተኛው ጋር ስለሚቀራረብ እንዳያደናግርሽ፤ የተለያዩ ናቸው። ይህኛው የሚፈልገው ፈተና ማለፍና 400 ሰዓት በእጅ የተሠራ ሥራ ነው፤ ፈተናውን ቀድሞ አልፎ ሰዓቱን በ6 ወር ውስጥ መሙላትም ይቻላል። የመሣሪያ ስብስቡን አደራደር፣ የመሣሪያውን ስም፣ የአውቶክሌቩን (የማምከኛ ማሽኑን) ጠባይ የምታውቂ ሰው ነሽና እግርሽ ሆስፒታል ውስጥ እንደገባ ይቆያል፤ ማታ ማታ ደግሞ ለኤንክሌክስ ታጠኚያለሽ። እዚያ ደርሰሽ የቴክኖሎጂስትነቱን ትምህርት ቤት ብትመርጪም ቅር አልሰኝም። ዕውቅና ካላቸው ፕሮግራሞች በአንዱ ተመዘገቢ፤ ልብሽም አይቀበለው ይሆናል እንጂ እጅሽ ከክፍል ጓደኞችሽ ሁሉ ይቀድማል።

አሁን ወደ ፈቃድሽ ልምጣ፤ ይህን ደብዳቤ አንብቤ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነውና።

«ለመሄድ ከተነሳሁ ማሳደሱ ምን ያደርግልኛል?» ብለሻል። ከላይ የነገርኩሽ መንገድ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ወረቀት ነው። ገምጋሚው ድርጅት ፈቃድ የሰጠሽን አካል በቀጥታ ይጠይቃል፤ አንቺ ኮፒ አድርገሽ የምትልኪው አይበቃውም። ጊዜው ካለፈ ለምን እንዳለፈ ስታስረጂ ወራት ይሄዳል፤ አንቺ ዳላስ ሆነሽ ለጅማ ጉዳይ ሰው ስትለምኚ የሚሆነውን አስቢው። የነርሶች ቦርዶች የሚያስሞሉት ቅጽ ላይም ፈቃድሽ ተቀጥቶ ወይም ተሰርዞ ያውቅ እንደሆነ ይጠየቃል። በሐሰት ሰርተፊኬት የታደሰ ፈቃድ አንድ ቀን ከተገኘ፣ እዚህም እዚያም የምትመልሺው መልስ አይኖርሽም።

ግን እኔ ያሳሰበኝ የወረቀቱ ጣጣ ብቻ አይደለም። ሳትገኚ «ተገኝታለች» ተብሎ የሚጻፈው ሰዓት ውስጥ አንድ የማታውቂው ነገር ሊኖር ይችል ነበር። ከራሴ ልንገርሽ።

ወጣት ሳለሁ በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል የታሸገ የመሣሪያ ስብስብ ስቀበል የማየው የታሸገበትን ቴፕ ነበር። ነጭ የነበረው ቴፕ ላይ ጥቁር መስመሮቹ ከወጡ «መክኗል» እላለሁ፣ እከፍታለሁ፣ አቀርባለሁ። ማንም ሌላ ነገር አልነገረኝም፤ ያሠለጠነችኝም እንዲሁ ነበር የምታደርገው። ሦስት ዓመት ገደማ በዚህ ሄድኩ። ከዚያ የሦስት ቀን ሥልጠና ላይ ተላክሁ። አሠልጣኙ አንድ የታሸገ የመሣሪያ ስብስብ አመጣ፤ ቴፑ ላይ መስመሩ ጥርት ብሎ ወጥቷል። «ማን ይጠቀምበታል?» አለ። ሁላችንም እጅ አወጣን። ከፈተው። የውስጡ ጨርቅ ርጥብ ነበር፤ መሐል ላይ የተቀመጠችው የኢንዲኬተር ወረቀትም ቀለሟን አልለወጠችም። የውጭው ቴፕ የሚናገረው ሙቀት እንዳገኘ ብቻ ነው፤ እንፋሎቱ ጥቅሉ ውስጥ ለሚበቃው ጊዜ መድረሱን አያውቅም። ውስጡን የምትናገረው ውስጥ የገባችው ወረቀት ናት። ማሽኑ በርግጥ ጀርም እየገደለ መሆኑን የሚያረጋግጠው ደግሞ የማይሞቱ የሚመስሉ የባክቴሪያ ስፖሮች ያሉበት ምርመራ ነው። ርጥብ ጥቅል ቢመክን እንኳ ውጭ ያለውን ጀርም በርጥበቱ ወደ ውስጥ ይስባልና እንደተበከለ ይቆጠራል። ያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ ራት አልበላሁም። በነዚያ ሦስት ዓመታት ቁስላቸው መርቅዞ የተመለሱ ሰዎች ፊታቸው ይመጣብኝ ነበር። የየትኛው ምክንያት እኔ እንደነበርኩ ማወቂያ የለኝም።

ያ ሥልጠና ላይ ሳልሄድ ስሜ ብቻ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ሰርተፊኬቱ ፋይሌ ውስጥ ይኖራል፤ እኔም ቴፑን እያየሁ እቀጥል ነበር።

ሙያችን አንዴ ተምረሽው የሚያልቅ አይደለም። እኔ ስማር ለኦፕሬሽን የሚገባ ሰው በዋዜማው ማታ ጸጉሩን በምላጭ ይላጭ ነበር፤ አንድ ጸጉር ቢቀር እንገሠጽ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው መመሪያ ጸጉር እንዳይነሳ፣ ግድ ከሆነም በክሊፐር ብቻ እንዲቆረጥ፣ ምላጭ ግን በፍጹም እንዳይነካው አለ። ምክንያቱም ምላጩ በዓይን የማይታይ ጭረት ይተዋል፤ ሌሊቱን ጀርሙ እዚያ ይራባል። እጃችንን 10 ደቂቃ በብሩሽ ፈግፍጉ ይሉን ነበር፤ አሁን ከ2 እስከ 5 ደቂቃ በቂ መሆኑ ታውቋል፤ ብሩሹም ቆዳውን ያቆስላል እንጂ አይጠቅምም። አንቲባዮቲኩ ሰዓቱ ሳይታይ ይሰጥ ነበር፤ አሁን ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ መሰጠቱ ይጠየቃል። እነዚህን የሰማነው ቁጭ ብለን በተማርንባቸው ቀናት ነው።

ከሩቅም አትፈልጊው። ላይፍቦክስ የሚባለው ድርጅት ክሊን ከት የተባለውን ፕሮግራም አገራችን ውስጥ ሲጀምር፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ከመጀመሪያዎቹ ሆስፒታሎች አንዱ ነበር። አዲስ ማሽን አልመጣም። የእጅና የቆዳ ዝግጅት፣ የጨርቁ ቀዳዳ መፈተሽ፣ የመሣሪያው መምከን፣ የአንቲባዮቲኩ ሰዓት፣ የጎዝ ቆጠራና የደኅንነት ቼክሊስቱ፤ እነዚህን ስድስት ነገሮች ሳያጓድሉ መሥራትን ነው ያስተማሩት። የቀዶ ሕክምና ኢንፌክሽኑ ሲሶ ያህል ቀነሰ። ከስድስቱ አብዛኞቹ ያለፉት በስክራቧና በራነሯ እጅ ነው፤ ማለትም ባንቺ እጅ።

አሜሪካ ስትሄጂ ይህ ነገር የሚቀርልሽ እንዳይመስልሽ። ሲ ኤስ ቲ የያዘ ሰው ሰርተፊኬቱን በየ2 ዓመቱ ያድሳል፤ 30 የተከታታይ ትምህርት ነጥብ ማሟላት አለበት። ቀድሞ በ4 ዓመት 60 ነበር፤ መጠኑ ያው ሆኖ ጊዜው አጠረ። እኔ ይህን እደግፈዋለሁ፤ አራት ዓመት ሲሰጠው ሰው ሦስቱን ተኝቶ በመጨረሻው ይራወጣል። ነጥቡን ያላሟላ እንደ አዲስ ተፈትኖ ማደስ ይችላል። የማምከኛ ክፍሉ ሰርተፊኬትም በየዓመቱ 12 ነጥብ ይፈልጋል። ስለዚህ ይህን ልማድ እዚሁ ጅማ ያዢው።

የጎደለሽን ነጥብ በእውነት ለመሙላት ጊዜ አለሽ ብዬ አምናለሁ። መጀመሪያ ፈቃድሽን ወደሰጠው ጤና ቢሮ ሄደሽ ስንት እንደጎደለሽና የመጨረሻው ቀን መቼ እንደሆነ በግልጽ ጠይቂ፤ ባልደረባ የነገረሽን አትያዢ። ቀጥሎ ለሥልጠና ከመክፈልሽ በፊት ሰጪው ለሲፒዲ የተፈቀደለት መሆኑን፣ ኮርሱ ራሱ ዕውቅና ማግኘቱንና ለነርስ ስንት ነጥብ እንደተሰጠው ጠይቂ። ሦስቱን መመለስ ያልቻለ ቦታ ገንዘብሽን አትጣዪ። ጤና ሚኒስቴር በኢንተርኔት የሚያቀርባቸው ኮርሶች አሉ፤ መብራትና ኔትወርክ ባለበት ሰዓት፣ ተረኛ ባልሆንሽበት ሌሊትም ቢሆን መጨረስ ይቻላል። እነሱን ቀድመሽ ጨርሺና በአካል የሚሰጠውን ለኦአር ሥራሽ በቀጥታ የሚጠቅም ምረጪ። ስለ ስኳር በሽታ አሥር ነጥብ ከመሰብሰብ ስለ ኢንፌክሽን መከላከል አምስቱ ይበልጥብኛል።

የሥልጠና ዕድሉ በጥቂት ሰዎች መሐል ይዞራል ያልሽውን አምናለሁ፤ በየቦታው እሰማዋለሁ፤ እኔም ደርሶብኛል። በሻይ ሰዓት ተነጋግሮ መበተን ግን ምንም አያመጣም። ለሜትሮኗ (ለነርሶች ኃላፊዋ) በጽሑፍ ጠይቂ፤ ግልባጭ ይዘሽ፣ የገቢ ቁጥር አስመዝግበሽ። ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ ማንንም አትክሰሺ፤ ስንት ዓመት ኦአር እንደሠራሽ፣ የመጨረሻውን ሥልጠና መቼ እንዳገኘሽ፣ ፈቃድሽ መቼ እንደሚያበቃ ጻፊ። ሌሎቹን ስክራቦች አነጋግረሽ የተራ ሰንጠረዥ እንዲሠራ ብትጠይቁ ደግሞ ይሻላል፤ አንዲት ሴት ስትጠይቅ «ቅር ያላት» ትባላለች፤ አምስት ሲጠይቁ አጀንዳ ይሆናል። አንቺ ብትሄጂም ሰንጠረዡ ለሚቀሩት ይቀርላቸዋል።

ሌላ አንድ የምለምንሽ አለ። ከዛሬ ጀምሮ ትንሽ ደብተር ያዢ። የገባሽበትን ኦፕሬሽን ቀኑን፣ ዓይነቱን፣ ስክራብ ነበርሽ ወይስ ራነር፣ የተለየ መሣሪያ ከነበረ እሱን ጻፊ። የታካሚ ስም ወይም የካርድ ቁጥር እንዳይገባበት። ስትለቂ ሆስፒታሉ የሚሰጥሽ የሥራ ልምድ «ከዚህ እስከዚህ አገልግላለች» ብቻ ከሆነ ማንም ምንም አይረዳበትም። በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በምን ዓይነት ኦፕሬሽን፣ በምን ኃላፊነት እንደሠራሽ እንዲጻፍልሽ ከደብተርሽ እያወጣሽ ጠይቂ። ዳላስ ላይ ቃለ መጠይቅ የሚያደርግሽ ሰው ስለ ሥራሽ ሲጠይቅሽ «ብዙ ሠርቻለሁ» ከማለት ይህን ያህል ሲኤስ፣ ይህን ያህል ላፓሮቶሚ ማለት ሌላ ነው። ቦርዱ ያልቆጠረልሽን አሠሪሽ የሚቆጥረው ያኔ ነው።

የዩኒቨርሲቲውን ነገርም እዚህ ሳለሽ ጨርሺው። ገምጋሚው ድርጅት ሬጅስትራሩ ራሱ ሞልቶ፣ ራሱ አሽጎ በቀጥታ የሚልከውን ነው የሚቀበለው። ኮስት ሼሪንግ ያልከፈልሽው ካለ ዛሬ አጣሪ፤ ወረቀቱን የሚያስይዘው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። የተማርሻቸው ኮርሶች ዝርዝር ከነሰዓታቸው ሊጠየቅ ስለሚችል ካሪኩለሙን የሚሰጥሽን ክፍል አሁኑኑ ፈልጊ። ምዝገባና ምርቃት በሚደራረብበት ሳምንት አትሂጂ፤ ሰልፉ ቀኑን ይበላዋል።

ጤና ቢሮው ጋ ከመሄድሽ በፊት ደግሞ ዛሬ ማታ ፓስፖርትሽን፣ ዲግሪሽን፣ የጋብቻ ሰርተፊኬትሽንና የሙያ ፈቃድሽን አንድ ጠረጴዛ ላይ ደርድሪያቸው። የስምሽን፣ የአባትሽንና የአያትሽን የእንግሊዝኛ ፊደል በጣትሽ እየተከተልሽ አንድ በአንድ አስተያዪ። በአንዱ ላይ አንድ ፊደል ቢደገም ወይም ቢጎድል እዚያ ያለው ኮምፒውተር ሁለት ሰው አድርጎ ነው የሚያይሽ። በፈቃዱ ላይ ስህተት ካለ ማስተካከያውን ከእድሳቱ ማመልከቻ ጋር አብረሽ አስገቢ፤ ከታደሰ በኋላ ከሆነ ሌላ ማመልከቻ፣ ሌላ ክፍያ፣ ሌላ ወር ነው። በዲግሪው ላይ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ስለሚወስድ ከእሱ ጀምሪ።